የጥድ ጣውላው ከማን ደጅ መጣ

አባቴ የሚኖሩት ከቡሬ ወደ ቲሊሊ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥለው ዳገቱን ከወጡ በኋላ በሚገኝ ደጋ ቀበሌ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ልብስ እሰፋለሁ። ኅዳር ላይ ከፍኖተ ሰላም ነጠላ ጣል አድርጌ እነሣና ማንኩሳን አልፌ ቡሬ ስደርስ ጋቢ ያምረኛል። አባቴ ቤት ስደርስ ደግሞ ጋቢውም አይበቃኝም። በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይተኛል፤ ጨው የተበተነበት ይመስላል።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ተማሪ አይቀበሉም። ዳዊቱን ግን በቃላቸው ይደግሙታል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በረንዳው ላይ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቀመጡና እስኪጨርሱ ማንንም አያናግሩም።

አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ያንን በረንዳ በሲሚንቶ አስለሰነው። ደግ አስቦ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ ሌሊቱን የጠጣውን ብርድ እስከ ረፋድ አይተፋውም። በዓመቱ የአባቴ ጉልበት አበጠ። ቡሬ ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳሳያቸው ነርሷ «እግራቸው ቀዝቃዛ ወለል ባይነካ ጥሩ ነው» አለች። አባቴ በመንገድ ላይ ሳቁ።

«ወንድምሽ መቃብሬን አስቀድሞ አሠራልኝ» አሉኝ፤ «እኔ ግን ገና አልሞትሁም፣ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁበት ነው።»

አጎዛ አነጠፍን፤ ራሰ። ጀንዲ አነጠፍን፤ ከሥሩ ሻገተ። ቤት ገብተው ይቀመጡ ብንል እሺ አላሉም። ያን ጊዜ ነው ባሕር ዳር መጋረጃ ላደርስ ሄጄ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ማረፊያ ያየሁት ትዝ ያለኝ። ውጭ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በአጋዳሚ ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነበር። ነፋስ ከሥሩ ያልፋል፤ ውኃው በስንጥቁ ይወርዳል፤ ጫማዬን አውልቄ ብቆምበት እግሬን አልበረደኝም። ለአባቴ የሚሆነው ይኼ ነው አልሁ።

ግን በምን እንጨት?

እኔ በሙያዬም በተፈጥሮዬም ተጠራጣሪ ነኝ። ጨርቅ ሲያመጡልኝ ፊቱን አላይም፤ ገልብጬ ጀርባውን ነው የማየው። ጀርባው እውነቱን ይናገራል። እንጨት ፍለጋ የወጣሁትም በዚሁ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ እንጨት የሚመስል የፕላስቲክ ጣውላ አሳየኝ። የእንጨት ጅማት ሳይቀር ተስሎበታል። «ከውጭ የመጣ ነው፤ አይበሰብስም፣ አይሰነጠቅም፣ ቀለም አይፈልግም» አለኝ።

«ውርጭ ሲመታውስ?»

«እዚህ አገር ውርጭ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

በቁልፌ ጫፍ ጠርዙን ጫር አደረግሁት። የእንጨቱ መልክ ተላጠና ከሥሩ አመድ የመሰለ ነገር ወጣ። ጣውላውን መልሼ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ቡሬ ጣውላ ተራ ስሄድ ደግሞ ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው። «ዓመት የደረቀ ነው» አለኝ አንዱ ነጋዴ። ባነሣው ከበደኝ። ጥፍሬን ብሰካበት ጥፍሬ ረጠበ። «ይኼ የደረቀ ነው?» ስለው «ጠዋት ጤዛ መትቶት ነው» አለ፤ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ጣውላውም ያለው ከጣራ ሥር። ጎረቤቱ ዋንዛ ሊሸጥልኝ ፈለገ። ለበርና ለአልጋ ዋንዛን የሚያህል የለም፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ለሚመታው ወለል ግን የሚመክረኝ አላገኘሁም። ሴራሚክ ይሻላል ያሉኝም ነበሩ። እርጥብ ሴራሚክ ላይ አባቴን ከነምርኩዛቸው ሳስባቸው ዘገነነኝ።

ከአባቴ ጋር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት አናጢውን የነገረችኝ። ቡሬ ዳር ላይ ይሠራል፤ እጁ ጥሩ ነው ትላለች። ሄጄ አገኘሁት። ጎልማሳ ነው፤ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ሲናገር ሰው አያይም፣ የያዘውን እንጨት ነው የሚያየው። ጉዳዬን ነገርሁት።

«ለብርድ አገር፣ ለውጭ ወለል፣ ጥድ ነው» አለኝ። «የሐበሻ ጥድ። ምስጥ አይደፍረውም፤ ውኃ አያበሰብሰውም። ሌላው ሁሉ ገንዘብሽን ማቃጠል ነው።»

«ጥድማ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ በቀር የት አለ? መቁረጡም ክልክል ነው።»

«አሮጌ ይገኛል» አለ፤ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ መልሶ እዚያው ሰካው። «እፈልግልሻለሁ።»

ሳምንት ሳይሞላ ደወለ። አገኘሁ አለኝ። አንድም ሰው ጥድ አለኝ ሳይለኝ አገሩን ዞሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ይኼ ሰው ግን ለመደወል እንኳን ጊዜ አልወሰደበትም።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከመራዊ። ከፈረሰ ቤት ነው» አለና ስልኩን ዘጋ።

ጣውላው በፈረስ ጋሪ መጣ። በሸራ ተሸፍኖ ዙሪያውን በገመድ ተተብትቧል። እኔም በዚያው ቀን ከፍኖተ ሰላም ደርሼ ነበር።

«ለምን ሸፈንኸው?» አልሁት።

«ፀሐይ እንዳይመታው።»

«ለአሮጌ እንጨት ፀሐይ ምን ያደርገዋል?»

ገመዱን ይፈታ ጀመር። ሸራው ሲገለጥ ግቢው በአንድ ጊዜ በጥድ ሽታ ተሞላ። ጣውላው ያምራል፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ወደደው። ቀይ፣ ወፍራም፣ አንድም ቦታ ያልተጣመመ ነው። አናጢው ውኃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ዞር ሲል ባለጋሪውን ቀረብ ብዬ ጠየቅሁት።

«ከመራዊ ድረስ በጋሪ መጣችሁ?»

«ኧረ የምን መራዊ!» አለ ባለጋሪው። «ከቡሬ ነው የጫንነው።»

አናጢው ሲመለስ ያንኑ ደገምሁለት። ከመራዊ በመኪና አስመጥቶ ቡሬ እንዳራገፈው ነገረኝ።

«የመራዊ መንገድ ሰሞኑን ተዘግቶ አልነበር ወይ?»

እርሳሱን ከጆሮው አነሣ። «ከመዘጋቱ በፊት ነው» አለ።

ከመዘጋቱ በፊት እኔና እሱ ገና አልተዋወቅንም ነበር።

ከተከመረው ላይ አንዱን ጣውላ አንሥቼ ገለበጥሁት። ጀርባው ጠቁሯል፤ የጭስ ጥቀርሻ ነው። በጥቀርሻው ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ነገር ደርቆበታል። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ለሰለሰ። አሸተትሁት፤ የንብ ሰም ነው። ሌላውንም ገለበጥሁ፤ እሱም ሰም አለበት። አንዱ ላይ ደግሞ ሰሙ እንደ ጅረት ፈስሶ የጣውላውን ጠርዝ ይዟል።

የኛ አጥቢያ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ዐምና ፈርሶ በሲሚንቶ ታንጿል። የጥድ እንጨት፣ ጥቀርሻ፣ የጧፍ ሰም፦ ይኼ ከየት ሊመጣ ይችላል? ከመቅደስ የወጣ እንጨት ለማንም ደጅ አይነጠፍም። ቢያረጅ እንኳን የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚጋገርበት የቤተልሔሙ ምድጃ ነው የሚበላው። እኔ ደግሞ ያንን እንጨት ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን የጨረሱ ሽማግሌ እግር ሥር ላነጥፈው ነው።

ለምን በዚያው ሰዓት አላስቆምሁትም? ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። ሰውን ሌባ ብሎ፣ ያውም የቤተ ክርስቲያን ሌባ ብሎ መጥራት ቀላል ነገር አይደለም። የአባቴም ጉልበት ከዕለት ወደ ዕለት እየባሰ ነበር። ቆሜ አየሁት። አናጢው አጋዳሚውን አስተካከለ፣ ጣውላውን በመላጊያ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ የሰሙን ወገን ወደ ሥር አዞረና በምስማር መታው። የሰሙን ወገን ወደ ሥር ማዞሩንም ልብ አልሁ።

ሲጨርስ አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። በጫማቸው ጫፍ ጠርዙን ነኩት። ወጥተው ተቀመጡ። ዓይናቸው ደካማ ነው እንጂ አፍንጫቸው የወጣት ነው፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው አየሩን ሳቡት። ከዚያ ጎንበስ አሉና ጣታቸውን በሁለት ጣውላ መካከል ሰደው ቆዩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ደጄ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው አባዬ» አልሁ።

«እንዲያ ከሆነማ ጫማዬን ላውልቅ።»

ጫማቸውን አወለቁና በእጃቸው ይዘው ከጣውላው ወረዱ። ሄደው ሣሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ። አናጢው ፊቱ ልውጥ አለ፤ ዕቃውን በፍጥነት ሰብስቦ ባለጋሪውን ተከትሎ ወጣ።

እኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ክንዴን ቆንጠጥ ስታደርገኝ። «አልሰማሽም?» አለች። «ደጄ ሰላም ነው ወይ አላሉሽም፤ ደጀ ሰላም ነው ወይ ነው ያሉሽ!» የቤተ ክርስቲያኑን መግቢያ ማለታቸው ኖሯል። እኔም አዎ ብያቸዋለሁ። ጫማ የሚወለቀው ለዚያ ነው።

ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። «አባዬ፣ የቤተ ክርስቲያን እንጨት ነው እያሉ ነው?»

«እኔ አላልሁም። ጠየቅሁ እንጂ።»

«ሰም አለበት።»

«ሸትቶኛል።»

«ምን ላድርግ?»

«የማታውቂውን ነገር አትርገጪው፤ አትርገሚውም» አሉኝ። በማግሥቱም ዳዊታቸውን ያንኑ ድንጋይ ላይ፣ ውርጩ መካከል ተቀምጠው ደገሙ። አዲሱ ወለል ባዶውን ዋለ።

እኔ መቀመጥ አልቻልሁም። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ፣ ከአዲሱ ሕንፃ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳልሜ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን እንጨት የት እንደደረሰ ጠየቅሁ።

ገበዙ አተኩረው አዩኝ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም መምሬ።»

«የኔታ ናቸው የላኩሽ?»

«እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።»

«እንዲያው ለማወቅ ያህል ከፍኖተ ሰላም ድረስ አይመጣም» አሉ። «እንጨቱ ዕቃ ቤት ነው። ለምእመን አይከፈትም። ጎደለ ያለሽ ሰው ካለ ስሙን ንገሪኝ።»

ዕቃ ቤቱን ተመለከትሁት። አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። እሳቸውም እንዳየሁ አዩኝ። እኔ እሳቸውን እንደጠረጠርሁ፣ እሳቸውም እኔን እንደጠረጠሩ፣ ተሳልሜ ተመለስሁ። በመንገዴ ላይ የራሴን ስንፍና ረገምሁ፤ ምንም ሳልናገር ሁሉን ነግሬያቸው ነበር የመጣሁት።

እንደፈራሁትም ከሰዓት በኋላ ገበዙ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃችን ደረሱ። ከአባቴ ጋር ሰላምታው ረዘመ፤ የዝናቡ፣ የከብቱ፣ የጤናው ነገር ተነሣ፤ ስለ ጣውላው ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁሉም ግን የሚያዩት ጣውላውን ነው። በመጨረሻ አባቴ፣ «መምሬ፣ ልጄ ያነጠፈችው ነገር አለ፤ እስቲ ይባርኩልኝ» አሉ። ማየት ለመጣ ሰው ፈቃድ መስጠታቸው ነው።

ገበዙ ተንበርክከው ከጠርዙ ሥር አዩ። ሰሙን በቢላ ፋቅ አድርገው አሸተቱ። ጣውላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ሲነሡ ፊታቸው ላይ እፎይታም ቅሬታም ነበረበት።

«የእኛ አይደለም» አሉ። «የእኛው በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፤ አባቶቻችን መጋዝ አያውቁም ነበር። ይኼ በመጋዝ የተሰነጠቀ ነው።» ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ፤ «የሌላ ደብር ከሆነ ግን እኔ አላውቅም። ሰሙ የጧፍ ሰም ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እህል ቅመሱ ብለን ብንለምናቸው ጾም ነን ብለው ሄዱ። ጾም አልነበረም።

ወሬው ከዚያ ወዲያ የራሱን እግር አወጣ። የአክስቴ ልጅ ከገበያ ስትመለስ ቅርጫቷን ሳታወርድ ነው የነገረችኝ። «የየኔታ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አንጥፋ ትቀመጣለች ይላሉ። ከደምበጫ የመጣ ነው የሚልም አለ፤ ከወንዝ ማዶ ካለው ደብር ነው የሚልም አለ።» ጎረቤቶቻችን ሰላምታ አልነሡንም፤ ግን በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ዝግ ይላሉ። ለአናጢው ደወልሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ንጹሕ ሰው ስልኩን አይዘጋም አልሁ በሆዴ። ያን ሰሞን የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም። ገበዙ ለምን ያን ያህል ፈጠኑ? የአክስቴ ልጅስ ይኼን አናጢ ከየት አውቃው ነው ያመጣችልኝ? እስከዚህ ደርሼ ነበር።

ወደ ሥራዬ ልመለስ በተነሣሁበት ጠዋት አንዲት ሴት የግቢያችን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯ የሐዘን አቆራረጥ ተቆርጧል። እግሯ አቧራ ብቻ ነው። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ዓይኗ ከእኔ አልፎ በረንዳው ላይ ነው።

«ከሽንዲ ነው የመጣሁት» አለች። ድንጋያቸው ላይ ወደተቀመጡት አባቴ ዞር አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የኔታ፣ ደጅዎን ልየው?»

«ደጅ ለማየት ከሆነማ ግቢ ልጄ» አሏት።

ገባች። ጣውላው ፊት ተንበረከከች፤ ግን እንደ ገበዙ አልመረመረችውም። መዳፏን ዘርግታ አኖረችበት፤ ወዲያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንዱን ጣውላ ይዛ፣ በጠርዙ ላይ ቢላ የተወው ጭረት ላይ ጣቷን አሳለፈች።

«የእናቴ ቆጥ ነው» አለች።

የምትለው ነገር ቀስ በቀስ ነው የወጣው። እናቷ ቡሬ ዳር ላይ ይኖሩ የነበሩ ጧፍ ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰም አቅልጠው፣ ክሩን ነክረው፣ ጧፉን ከምድጃው በላይ፣ ከጣራው ሥር ባለው የጣውላ ቆጥ ላይ እየደረደሩ ያደርቁ ነበር፤ ለስንቱ ደብር ስለት የገባው ከዚያ ቤት ነው። የሰሙ ነጠብጣብና የምድጃው ጥቀርሻ የዚያ ነው። እናትየው ያረፉት በቅርቡ ነው፤ ተዝካራቸው ወጥቷል፤ ልጆቹ ግን ገና ንብረቱን አልተካፈሉም።

«ቆጡን ማን አወረደው ብዬ ወንድሜን ጠየቅሁት» አለች። «ምስጥ በላውና ጣልሁት አለኝ። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርሁት። ጥድን ምስጥ በላው! እሱ ራሱ አናጢ ሆኖ!»

ወንድሟ አናጢው ነው።

«ከዚያ ደግሞ» አለች፣ «ሰም ያለበት ጣውላ የኔታ ደጅ ተነጠፈ ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ።»

አባቴ ከድንጋያቸው ሳይነሡ ረጅም ጊዜ ሳቁ። ከጣውላው ከወረዱ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያኔ ነው። «አየሽ ልጄ» አሉኝ፤ «ሁላችንም ሰሙን አይተን ወርቁን ለየብቻችን ገመትን። ባለወርቋ ደግሞ በእግሯ መጣች።»

አናጢውን ያስጠሩት አባቴ ናቸው። የኔታ ይፈልጉሃል ሲባል እንቢ የሚል ሰው በዚያ አገር የለም። መጥቶ ቆመ፤ እህቱን ሲያያት አንገቱን ደፋ። ከገበዙ ጋር መጥተው የነበሩት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተጠርተው ነበር፤ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ጣውላው ላይ የተቀመጠ ማንም የለም።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልሁት እኔ፤ መጀመር ያልነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

«ከእናቴ ቤት ነው ብልሽ፣ እህት ወንድም ፈቅዷል ወይ ትይኝ ነበር» አለ። «ዓይንሽ ያስታውቃል። ገና ስትገቢ ጀምሮ እጄን ነበር የምታይው።»

«ፈቅደናል ወይ?» አለች እህቱ።

«ቤቱ ሊሸጥ ነው ስትሉ ሰማሁ። የሚገዛው ሰው ቆጡን ለማገዶ ይፈልጠዋል። እኔ ያስታመምኋት፣ እኔ ያሳደግሁት…» ተሳሳተና አቆመ። «እዚያ ቆጥ ላይ ነው ያሳደገችን። የኔታ ሲደግሙበት ይዋል ብዬ ነው። ለሷም ጽድቅ ነው።»

«ጽድቁን ለብቻህ ነው እንዴ የምታስገባላት?» አለች እህቱ። «እኔስ ልጇ አይደለሁም? ብትነግረኝ እንቢ እል ነበር?»

«ትዪ ነበር።»

«እል ነበር» አለች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ግን ትነግረኝ ነበር።»

እውነቱን ነበር የሚናገረው? እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲናገር ድምፁ ተንቀጥቅጧል። ነገር ግን መራዊ ሲለኝም፣ ፀሐይ እንዳይመታው ሲለኝም፣ ድምፁ ምንም አልሆነም ነበር፤ እንዲህ በቀላሉ የሚዋሽ ሰው እንደዚህ በቀላሉ መንቀጥቀጥም ይችላል። እህቱም ያመነችው አልመሰለኝም። ሽማግሌዎቹ ግን ያመኑ መስለው አነጋገሩ፤ ሽምግልና እንዲያ ካልሆነ አያልቅም። አንደኛው፣ ጣውላው ተነጥፎ ስለተመታ ባለበት ይቆይና አናጢው ለእህቱ በሌላ ይካሳት አለ። ሌላኛውም ደገፈው። ሴትየዋም በየኔታ ፊት የየኔታን ወለል ንቀሉልኝ ማለት ከብዷታል።

አባቴ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«ይነቀል» አሉ።

«የኔታ፣ ጉልበትዎ…» አለ አናጢው።

«ጉልበቴ የኔ ነው። እንጨቱ ግን የኔ አይደለም። ወንድምና እህት የተጣሉበት ነገር ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊት ብደግም፣ የሚሰማኝ ማን ነው?»

አናጢው ራሱ ነቀለው። ምስማሩን ሲያወጣ የነበረው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ጥድ ምስማር በቀላሉ አይለቅም። እህቱ እያንዳንዱን ጣውላ እየተቀበለች ከግድግዳው ጋር ታቆማለች። ሁለቱም አይነጋገሩም፤ ግን እሱ ከፍ ሲያደርግ እሷ ጫፉን ትይዛለች፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ዕቃ ያነሡ እጆች መሆናቸው ያስታውቃል። ለአፍታ ታረቁ ብዬ ነበር። ጋሪው ላይ ከተጫነ በኋላ ግን እሷ በጋሪው ሄደች፤ እሱ በእግሩ በሌላ በኩል ወረደ። እስከ ዛሬም በጠበቃ እንጂ በአፍ እንደማይነጋገሩ እሰማለሁ። ጣውላው ሽንዲ ቤቷ ውስጥ መልሶ ቆጥ ሆኗል ይላሉ። ሽንዲ ቆላ ነው፤ ብርድ የለም፤ ቆጥ ግን ለብርድ አይደለም።

እኛም ወደ ባሕር ዛፍ ተመለስን። አናጢው፣ የራሱን ጥፋት ሊያካክስ ይመስለኛል፣ ከሱቁ ጀርባ ቆልሎ ያደረቀውን አመጣና ዳግም አነጠፈልን፤ የመኪና የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ። ዘይቱ ውኃ እንዳይገባው ይረዳል አለ። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ገለበጥኋቸው፤ አልከለከለኝም፤ እንዲያውም እየገለበጠ ያቀብለኝ ነበር። ያም ደግሞ አላስደሰተኝም። ሰው ሲከለክልህ ብቻ አይደለም የሚጠረጠር፤ ከመጠን በላይ ሲያሳይህም ነው።

የወሬው ነገር ግን አላለቀም። ጣውላው ሲነቀል ያዩ ሰዎች፣ «ይኸው፣ የደብር ባይሆን ለምን ይነቀል ነበር?» ነው ያሉት። ገበዙ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ የአባቴን ጤና ይጠይቁና፣ «በረንዳውስ?» ብለው ይጨምራሉ። እኔም «ደህና ነው መምሬ» እላለሁ። ዕቃ ቤቱ ላይ ያ አዲስ ቁልፍ አሁንም አለ፤ ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔ ይሄድበታል።

አባቴ አሁን ባሕር ዛፉ ላይ ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ እብጠቱ ግን ቀንሷል። ባለፈው ኅዳር ሄጄ ጠዋት አጠገባቸው ቆምሁ። ሣሩ ነጭ ነው። ዳዊታቸውን ጨርሰው ነበር።

«ሞቀዎት አባዬ?» አልኋቸው።

«እግሬን አይበርደኝም» አሉ። «አፍንጫዬ ግን ጋራዥ የገባ ይመስለዋል።»

ፀሐይዋ ወጥታ ጣውላውን ስትነካው፣ ከእግራችን ሥር አንድ ነገር ጧ አለ። ሁለታችንም አዳመጥን። ሌላም ጧ አለ። የደረቀ ነው ብሎ ያመጣልን አናጢ፣ ሲደርቅ ይተወዋል ብሎኛል። ጎንበስ ብዬ ጣውላው ላይ ባየሁት ስንጥቅ ጣቴን አሳለፍሁ፤ አዲስ ይሁን የቆየ መለየት አልቻልሁም።